ኔሎ የቆመበት ወረፋ

ኦርኔላ አባቷን ከሌላ ሴት ጋር ያዘችው።

ኧረ እናንተ ደግሞ፣ ወዲያው ክፉ ክፉውን ታስባላችሁ! ሰውየው እኮ ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው። ደረጃ ባየ ቁጥር ጉልበቱ የሚማረርበት፣ ሚስቱን ዲናን ከቀበረ አራት ዓመት ያለፈው ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ስሙ ኔሎ። ሴትየዋ ኢላሪያ ትባላለች፣ ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ልክ እንደ ኦርኔላ በፍሎረንስ ከተማ አስጎብኚ ናት። የተያዙትም አልጋ ላይ ሳይሆን የሙዚየም ትኬት ወረፋ ላይ ነው። ኦርኔላን ብትጠይቋት ግን አልጋ ላይ ብታገኛቸው ይሻላት ነበር። "ሽማግሌው አበደ" ብላ ታልፈው ነበር።

ነገሩ የሆነው ሐሙስ ጠዋት ነው። የኦርኔላ እንግዶች፣ ሃያ ሁለት የሆላንድ ጡረተኞች፣ አውቶቡሳቸው መንገድ ላይ ተበላሽቶ እንደሚዘገዩ ደወሉላት። እሷም የታጠፈ ጃንጥላዋን ይዛ ከታላቁ ሙዚየም ፊት ለፊት ባለው ባለ ቅስት በረንዳ ሥር ሥራ ፈታ ቆመች። ሥራ የፈታ ዓይን ደግሞ የማይደርስበት የለም። ከግቢው ማዶ የዕለት ትኬት የሚሸጥበት መስኮት አለ፤ ወረፋው ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ይያዛል። እሷ ከዚያ ወረፋ ጋር ጉዳይ ኖሯት አያውቅም። የእሷ እንግዶች ከወራት በፊት የተያዘ የቡድን ትኬት አላቸው፣ የሚገቡትም በሌላ በር ነው። እንዲያው ዝም ብላ ዓይኗን ወረወረች። ከፊት ሦስተኛ የቆመው ሰው ሰማያዊ ጃኬት ለብሷል። ጃኬቱን ታውቀዋለች፤ ለገና የገዛችለት ራሷ ናት።

"አባዬ?" አለች ለራሷ።

አባቷ እጁን እያወናጨፈ ያወራል። ከፊቱ የቆሙት ሁለት የጃፓን ልጃገረዶች ይስቃሉ። ከኋላው ያለው ጢማም ጀርመናዊ ይስቃል። የበሩ ዘበኛ እንኳ ግድግዳ ተደግፎ ይስቃል። በምን ቋንቋ ቢያወራቸው ነው? ሰውየው ከተወለደበት ሰፈር ጣሊያንኛ ሌላ አንዲት ቃል አያውቅም! እሱም ራሱ ጥርሱ እስኪታይ ይስቃል። ኦርኔላ ያንን ጥርስ ካየችው አራት ዓመቷ ነው።

ከዚያ ኔሎ ዞር ብሎ በረንዳውን በዓይኑ መቃኘት ጀመረ፣ ሰው እንደሚጠብቅ ሰው። ኦርኔላ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ሄዳ "አባዬ፣ እንዴት አደርክ?" አላለችም። አምሳ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወር የቀራት፣ በአራት ቋንቋ የማስጎብኘት ፈቃድ ያላት ትልቅ ሴትዮ ከምሰሶ ኋላ ሄዳ ተሸጎጠች።

የሚጠብቃትም መጣች። ኢላሪያ አራት አውስትራሊያውያን አስከትላ፣ በወረቀት የተጠቀለለ፣ የሞርታዴላ ቋሊማ የገባበት ትኩስ ዳቦ ይዛ መጣችና ግራና ቀኝ ጉንጩን ሳመችው። ዳቦውን አስያዘችው። ይሄ አነሰና የአንገቱን ሻርፕ ፈትታ እንደገና አጥብቃ አሰረችለት። መስኮቱ ሲከፈት ኔሎ ቦታውን ለቀቀላት፣ እሷ አምስት ትኬት ቆርጣ እንግዶቿን ይዛ ከፊተኞቹ ጋር ገባች። ኔሎም ልጁን ትምህርት ቤት እንዳደረሰ አባት ቆሞ እጁን አውለበለበላት።

የኦርኔላ አንጀት ቅጥል አለ።

ለምን እንደተቃጠለች እንድታውቁላት ስለ ሙያው ትንሽ ልንገራችሁ። ሙዚየሙ የሚከፈተው ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ያንን ሁሉም ሰው ሊያየው የሚመጣውን ሥዕል አራት ሰዓት ላይ ለማየት የሄደ ሰው የሚያየው የሰው ማጅራትና ወደ ላይ የተዘረጋ ስልክ ነው። ኦርኔላ በሃያ ስድስት ዓመት ሥራዋ ግርግር የሚሸሽበትን መንገድ ሁሉ አጥንታለች። ከመጨረሻው ክፍል ጀምሮ ወደ ኋላ መምጣት ታውቅበታለች። በመርከብ የሚመጡት መንጋዎች ምሳ የሚወጡበትን ሰዓት ታውቃለች። ሰኞ ዝግ ስለሆነ ማክሰኞ የሁለት ቀን ሰው እንደሚመጣ፣ መግቢያው ነፃ በሆነበት የወሩ የመጀመሪያ እሁድ ደግሞ ጠላትን እንኳ ይዞ እንደማይኬድ ታውቃለች። ይሁን እንጂ የትኛውም ብልሃት የመጀመሪያዋን ሩብ ሰዓት አያህልም። በዚያች ሩብ ሰዓት ክፍሉ ባዶ ነው፣ የእግርህን ድምፅ ትሰማለህ፣ ሥዕሉ ያንተ ብቻ ነው። ቡድን የሚገባው ቆየት ብሎ ስለሆነ ያቺ ሰዓት የቡድን ትኬት ላለው ሰው አትደርሰውም፤ የምትደርሰው ከወረፋው ራስ ላይ ላለ ሰው ብቻ ነው።

ታዲያ ከሁለት ዓመት ወዲህ የኢላሪያ እንግዶች በየኢንተርኔቱ "ሥዕሉን በባዶ ክፍል አሳየችን፣ ተባረኪ" እያሉ ይጽፉ ነበር። ኦርኔላ ይህን እያነበበች ትበግን ነበር። ከማን ጋር ተሞዳሙዳ ነው? ዘበኛውን ምን አቅምሳው ነው? ስትል ከረመች። ለካ ዘዴው የገዛ አባቷ ኖሯል። ጉድ እኮ ነው!

ትኬቱንስ ትውሰደው። ሻርፑ ግን ምን አገባት? ያንን ሻርፕ ማሰር የማን ሥራ ነው? ኦርኔላ ቀኑን ሙሉ ለሆላንዶቹ ስታወራ ዋለች፤ ምን እንዳወራች ግን አታውቀውም።

ኔሎ በየእሁዱ ሰባት ሰዓት ላይ ኦርኔላ ቤት ምሳ ይበላል። እሷ ለደም ግፊቱ ብላ ጨው የሌለው ትሠራለታለች፣ እሱ የሰጡትን ይበላል፣ የብስክሌት ውድድር ያያል፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን "በሉ ደህና ዋሉ" ብሎ ይሄዳል። ባሏ ሳውሮም ወሬ የሚወድ ሰው አይደለም፤ ስለዚህ በዚያ ጠረጴዛ ላይ የሚሰማው ድምፅ የሹካ ብቻ ነው። የዚያን እሁድ ግን ኦርኔላ ነገር ይዛ ቀርባለች።

"አባዬ፣ ጠዋት ጠዋት ምን ትሠራለህ?"

"ምን እሠራለሁ? እነሳለሁ።"

"ከተነሳህ በኋላስ?"

"እቀመጣለሁ። አርፈህ ተቀመጥ ብለሽኝ የለ?"

"ብርድ ላይ ግን አትወጣም አይደል?"

"ብርድ? ምን ልሠራ እወጣለሁ?" አለና ድንቹን ቆረሰ። ዓይኑ እንኳ ሳይርገበገብ ዋሻት።

በዚህ መሃል ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። ጆሮው ስለደከመ የስልኩ ድምፅ መጨረሻ ድረስ ተከፍቷል፤ የደወለው ሰው እዚያው ሰላጣው መሃል የተቀመጠ ይመስላል።

"አባባ ኔሎ!" አለች የሴት ድምፅ። "ማክሰኞ አሥራ ሁለት ሰዓት ይደርሱልኛል? ስድስት ሰዎች አሉኝ!"

"እሺ ልጄ፣ እሺ፣ እደርሳለሁ" አለና ጥርቅም አድርጎ ዘጋው።

"ማን ናት?" አለች ኦርኔላ።

"ፋርማሲ።"

"ፋርማሲዋን 'ልጄ' ነው የምትላት?"

"ትሕትና ምን ይጎዳል?"

"ፋርማሲ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው አሥራ ሁለት ሰዓት የሚከፍተው?" አለ ሳውሮ፤ ለዓመት ያህል ዝም ያለ ሰው ዛሬ ማውራት አማረው። ኦርኔላ ከጠረጴዛው ሥር ቅልጥሙን አለችው።

ልጄ! ዕቃ እያጠበች ያቺን ቃል እንደ መራራ ክኒን ስታላምጥ ቆየች። እሷን "ኦርኔላ" ነው የሚላት። ለመጨረሻ ጊዜ ልጄ ያላት መቼ እንደሆነ ለማስታወስ ብትሞክር፣ እናቷ የተቀበረች ቀን በር ላይ ቆሞ ክንዷን ይዞ ያላት ትዝ አላት። ከዚያ ወዲህ የለም። እሷ ታጥብለታለች፣ ትተኩስለታለች፣ መድኃኒቱን በቀን በቀን ከፍላ ታስቀምጥለታለች፤ "ልጄ" የምትባለው ግን ዳቦ ያመጣችለት ናት። አባቷ የእሷ መሆኑ ቀርቶ የሰው ሊሆን ነው። ይህን ስታስብ እጇ ላይ የነበረው ሳህን አምልጧት ተሰበረ።

ማክሰኞ ዕለት ኢላሪያን አስጎብኚዎች ቆመው ቡና በሚጠጡበት ከሙዚየሙ ጀርባ ባለ ካፌ አገኘቻት።

"አባቴን ተይልኝ" አለቻት፣ ሰላምታ የለ ምን የለ።

"እንዴት አደርሽ፣ ኦርኔላ።"

"እንዴት አደርሽሽን ተይው! ስንት ነው የምትከፍይው?"

"ብከፍላቸው እንዴት ደስ ባለኝ። አንድ ቀን ልስጥዎት ብል ሳምንት ሙሉ አኮረፉኝ። ቁርስ ብቻ ነው የሚቀበሉኝ።"

"ታዲያ በምን አጠመድሽው?"

"እኔ?" ኢላሪያ ሳቀች፤ ሳቋም ደስ የሚል ነበር፣ እሱ ነው ኦርኔላን የባሰ ያናደዳት። "እሳቸው ናቸው ያጠመዱኝ እንጂ! የዛሬ ሁለት ዓመት በዝናብ ወረፋ ላይ ቆሜ ስንቀጠቀጥ መጡና 'ሂጂ አንቺ ልጅ፣ ትኩስ ነገር ጠጪ፣ ቦታሽን እኔ እጠብቅልሻለሁ' አሉኝ። በማግስቱም ስመጣ ቆመው አገኘኋቸው። በሦስተኛውም ቀን። ከዚያ በኋላማ ማን ያስቀራቸዋል!"

"ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው! ጉልበቱ አልቋል! ደም ግፊት አለበት!"

"ጉልበታቸውን ሲያማቸው ዘበኛው ወንበር ያወጣላቸዋል። የወረፋው ሹም ነው የሚላቸው። መሃል የሚገባ ሰው ሲመጣ እኮ ማየት ነው! 'ወደ ኋላ! ወደ ኋላ!' ብለው አውቶቡስ ውስጥ ያለን ያህል ያስተካክሉናል።" ኢላሪያ ስኒዋን አስቀመጠች። "ደግሞ ስለ እናትሽ ሲያወሩ! ያቺ በአሥራ አራት ቁጥር አውቶቡስ ላይ ያለ ትኬት የተሳፈረችበት ታሪክ... ቅጣቱን ከኪሳቸው ከፍለው በማግስቱ እሷ ገንዘቡን ልትመልስ ስትመጣ። ሦስቴ ሰምቻታለሁ፣ ሦስቴም አስለቅሳኛለች። አንቺማ ከሕፃንነትሽ ጀምሮ ሰምተሻታል።"

"ሰምቻታለሁ" አለች ኦርኔላ። አልሰማቻትም። በአርባ ዘጠኝ ዓመቷ የአባቷንና የእናቷን መገናኘት ከአንዲት የትናንት አስጎብኚ አፍ ሰማች። ፊቷ ፍም መሰለ፣ ቡናዋን ሳትጠጣ ወጣች።

ድልድዩን ስትሻገር አንድ ነገር ትዝ አላት፤ ባይታወሳት ይሻላት ነበር። ከእናቷ ቀብር በኋላ አባቷ ወጥ ቤቷ ውስጥ ቆሞ "እንግዲህ ቤት ተቀምጬ ግድግዳ ከምቆጥር ሥራ ስጪኝ። ሌላው ቢቀር ወረፋ ልቁምልሽ" ብሏት ነበር። እሷም "አባዬ፣ ሰው ምን ይለኛል? ኦርኔላ ሽማግሌ አባቷን ብርድ ላይ አቁማ ትኬት ታስገዛለች ይበሉኝ? አርፈህ ቤትህ ተቀመጥ" ብላው ነበር። አዎ፣ ብላዋለች። እሷ አልፈልግም ብላ የተወችውን ሌላ ሰው አንስቶ ሲደሰትበት ማየት ግን ከአቅሟ በላይ ሆነ።

ሌላ አገር ቢሆን ሁለቱ ሴቶች ፀጉር ይጓተቱና ይወጣላቸው ነበር። ፍሎረንስ ግን ሰው የተቀየመውን ሰው ፊት ለፊት ከሚሰድብ ይልቅ ለመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይጽፍበታል። ይህ የኖረ የከተማዋ አመል ነው። ኦርኔላም ከእራት በፊት ቁጭ ብላ ለሙዚየሙ አስተዳደር አንድ ገጽ ሙሉ ጻፈች። ስም አልጠራችም። "አንዳንድ አስጎብኚዎች አቅመ ደካማ አዛውንቶችን በብርድ እያቆሙ የሌላውን ጎብኚ ተራ ይወስዳሉ። ለአዛውንቶቹ ጤና ሲባል አንድ መላ ይበጅለት" አለች። ከሥሩም "አንዲት አሳቢ አስጎብኚ" ብላ ደመደመችው። አንብባ ስትጨርስ ራሷም አመነችበት፤ ለአባቷ ጤና ብላ የጻፈች መሰላት።

ሳውሮ መነጽሩን አድርጎ አነበበውና "ተይው" አላት። "ሽማግሌው ደስ ብሎት ነው የሚውለው።"

"ተታሎ ነው እንጂ ምን ደስ ይለዋል!"

"ሁለት ዓመት ሙሉ የሚታለል ሰው አለ? ኧረ አንቺ፣ የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ሆነብሽ እኮ። እሁድ እሁድ እሱን የምታስቂበት ወሬ ፈልጊ፣ ይሻልሻል።"

"አንተ ደግሞ አፍህን ስትከፍት ለዚህ ነው?" አለችው። ደብዳቤውን በማግስቱ ሄዳ በአስተያየት መስጫው ሳጥን ውስጥ ከተተችው። ከዚያም ወዲያው ረሳችው ብላችሁ እንዳታስቡ፤ በየቀኑ ሳጥኑን እያየች ታልፍ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ትኬት መሸጫው መስኮት ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ከእንግዲህ ማንም ለማንም ቦታ መያዝ አይችልም። እያንዳንዱ ሰው ራሱ ተሰልፎ፣ መታወቂያውን አሳይቶ ለራሱ ይገዛል፤ ትኬቱም ላይ ስሙ ይጻፋል። ቦታ ሲያቀባብል የተገኘ ወደ ወረፋው መጨረሻ ይመለሳል።

ኦርኔላ የዚያን ቀን ሆን ብላ ማልዳ ሄደች። ከምሰሶዋ ኋላ ሆና ሁሉንም አየች። ዘበኛው ማስታወቂያውን ጣቱን እያስከተለ ለኔሎ አነበበለት፤ ኔሎ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ አዳመጠ፣ አንድ ነገር ጠየቀ፣ ዘበኛው ራሱን ነቀነቀ። ኔሎም ወንበሩን አጥፎ ራሱ ለዘበኛው መለሰለት። ተጨባበጡ። ሽማግሌው ትንሽ እንደመሄድ አለና ቆመ፤ ወደ በረንዳው አየት አድርጎ እንደገና መንገዱን ቀጠለ። አካሄዱ አዝጋሚ ነበር።

አዘነችለት? አላዘነችለትም፤ ደስ አላት። እውነቱን እንናገር ከተባለ ልቧ ዘለለ። ኢላሪያ እንግዶቿን ይዛ ከወረፋው ጭራ ላይ ቆማ አምስት ሰዓት ላይ ስትገባ ባየች ጊዜማ፣ "እንግዲህ ባዶ ክፍሉን አሳዪያቸው!" አለች በሆዷ። የዚያን ቀን ለእንግዶቿ እንዴት አድርጋ እንዳስረዳች አትጠይቁ፤ በጭብጨባ ነው የሸኟት። አባቴ ተመለሰልኝ፣ አለች።

ተመለሰ እንዴ?

እሁድ መጣ። ጨው የሌለውን በላ። በሚቀጥለውም እሁድ መጣ፤ ያን ጊዜ ግማሹን ተወው። ብስክሌቱን ከፈተችለት፣ ዓይኑ ቴሌቪዥኑ ላይ ነው እንጂ ማን እንደቀደመ አላወቀም። ኦርኔላ አጠገቡ ተቀምጣ እጇን በጉልበቱ ላይ አደረገች።

"አባዬ፣ እናቴን እንዴት ነው ያገኘሃት?" አለችው። ያቺን ታሪክ የራሷ ማድረግ ፈልጋለች።

"አውቶቡስ ላይ" አለ ኔሎ።

"እሺ... ከዚያስ?"

"ከዚያማ ተጋባን።"

 ኢላሪያን ሦስቴ ያስለቀሰ ታሪክ ለእሷ ሲደርስ ሁለት ዓረፍተ ነገር ሆኖ ቀረ። ኦርኔላ ያን ጊዜም የተረገመችው ኢላሪያ ናት ወሬውን ሁሉ ይዛበት የሄደችው ብላ አሰበች።

አንድ ሰኞ፣ የእሷም የሙዚየሙም የዕረፍት ቀን፣ ከወንዙ ማዶ ወዳለው የአባቷ ቤት ሄደች። አራት ሰዓት ሆኗል፤ መስኮቱ አልተከፈተም። ኔሎ በሌሊት ልብሱ ላይ ሹራብ ደርቦ ከፈተላት። ጢሙን ካልተላጨ ቢያንስ አራት ቀን ሆኖታል። ሠላሳ አራት ዓመት አውቶቡስ ሲነዳ አንድ ቀን እንኳ ሳይላጭ ወጥቶ የማያውቅ ሰው ነው።

"ታመሃል እንዴ?"

"ምን ልታመም። ግቢ፣ ብርቱካን ልላጥልሽ።"

ወጥ ቤት ተቀመጡ። እሱ በትንሽ ቢላዋ ብርቱካኑን ይልጣል፣ እሷ እጁን ታያለች። መጨረሻ ላይ መታገሥ አቃታት።

"ያቺ ልጅ ናፍቃህ ነው አይደል እንዲህ የሆንከው?"

"የትኛዋ?"

"ኢላሪያ ነቻ! አውቃለሁ፣ አትደብቀኝ። ሁሉንም አውቃለሁ፤ አይቼሃለሁ።"

ኔሎ ቀና ብሎ አያት። አልደነገጠም፣ እንዲያውም ፈገግ አለ። "አየሽኝ? ወይ ጉድ፣ አየሽኝ! ኢላሪያ ደህና ልጅ ናት፣ እግዜር ይስጣት። ግን ለእሷ ብዬ እዚያ ብርድ ላይ የምቆም መሰለሽ?"

"ታዲያ ለማን ብለህ ነው?"

"ሁለት ሰዓት ሲሆን ትመጫለሽ" አለ ኔሎ። "አንዳንዴ አምስት ደቂቃ ታረፍጃለሽ። ከማዶ በረንዳው ሥር ትቆሚና ጃንጥላሽን ከፍ ታደርጊዋለሽ። ከዚያ ትናገሪያለሽ። ምን እንደምትናገሪ አይሰማኝም፣ ብሰማውም ቋንቋው አይገባኝም። ሰዎቹ ግን አፋቸውን ከፍተው ያዳምጡሻል። ስትናገሪ እጅሽ እንደ እናትሽ እጅ ነው፣ ታውቂያለሽ? ቤት ስትሆኚ እንደዚያ አትናገሪም። እኔም ለወረፋው ሁሉ 'ያቻትላችሁ፣ ያቺ ባለ ጃንጥላዋ የኔ ናት' እላቸዋለሁ። ጀርመኑም ይገባዋል፣ ጃፓኑም ይገባዋል፤ ለዚህ ቋንቋ አያስፈልግም።"

ኦርኔላ የያዘችውን የብርቱካን ክፋይ መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"ለምን... ለምን አልጠራኸኝም?"

"ሥራ ላይ ያለ ሰው አይጠራም። ደግሞ እናንተ አስጎብኚዎች ወረፋ አታዩም፤ ዘበኛው ነው የነገረኝ። ዓይናችሁ ከወረፋው ሰው ዓይን ከገጠመ 'መጸዳጃ ቤት የት ነው? እባክሽ አስገቢን' ስለሚሏችሁ ከሰው ራስ በላይ ነው የምታዩት አለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ በራሴ ላይ አሻግረሽ አየሽ፤ አልተቀየምኩሽም፣ ሙያሽ ነው።" ሳቅ አለ። "ብነግርሽ ደግሞ ቤትህ ግባ፣ ብርድ ይመታሃል ትይኛለሽ። ትይኛለሽ አትይኝም?"

"እልሃለሁ" አለች ኦርኔላ።

"ይኸው።"

"አሁንም እኮ መጥተህ ልታየኝ ትችላለህ፣ አባዬ። ማን ከለከለህ? በረንዳው ሥር ቁም። አጠገቤ ቁም።"

"ምን ብዬ?" አለ ኔሎ። "ጉዳይ የሌለው ሽማግሌ እዚያ ቢቆም ለማኝ ይመስላል። አንቺም ታፍሪብኛለሽ። ወረፋ ላይ የቆመ ሰው ግን ማንም 'ለምን ቆምክ?' አይለውም። ወረፋ ላይ ለመቆም ደግሞ አሁን ስምህን ጽፈህ ለራስህ መግዛት አለብህ። እኔ ያንን ሥዕል ምን ላድርገው? የኔ ሥዕል ውጭ ነበር የቆመው።"

ቢላዋውን ጨርቅ ላይ ጠረገና አስቀመጠው። ፊቱ ተለወጠ።

"አንድ ሰው ደብዳቤ ጽፎ ነው አሉ። ዘበኛው ነው የነገረኝ። አስጎብኚ ነው አሉ፤ ከእናንተው ሰው ነው። ለአዛውንቶች ጤና ብሎ ነው አሉ፣ ይየው የኔን ጤና!" አለና ያልተላጨ አገጩን ዳበሰ። "ኦርኔላ፣ እኔ ሰው ረግሜ አላውቅም። ስንቱ ተሳፋሪ ሰድቦኛል፣ ስንቱ ተፍቶብኛል፣ አንድ ቀን ረግሜ አላውቅም።"

"አባዬ፣ ተው..."

ኔሎ ተነሳ። ጉልበቱ ቋ አለ። ሁለት እጁን፣ የብርቱካን ውሃ እንደነካው፣ ቤተ ክርስቲያን እንደሚያደርገው ወደ ላይ ዘረጋ።

"ያንን ደብዳቤ የጻፈ ሰው በእርጅናው ዓይኑ የሚያርፍበት ሰው ይጣ" አለ።

እጁን እንደዘረጋ ቆየ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ፣

"አሜን በይ እንጂ" አላት።

 "እኔ ነኝ" የሚለው ቃል የኦርኔላ ምላስ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ቀና ብላ ፊቱን ስታየው ግን አባቷ በዚህ ዓለም ላይ የቀረው ወገን እሷ ብቻ እንደሆነች አድርጎ አምኖ ይጠብቃታል።

"አሜን" አለች፣ በለሆሳስ።

"እ?" ኔሎ አንድ እጁን አውርዶ ጆሮው ላይ አደረገ። "አልሰማሁም፣ ጮክ በይ።"

"አሜን፣ አባዬ!" አለች ኦርኔላ፣ ጮክ ብላ።